«ካልሲሽን አውልቂ» ያላት አልነበረም፦ የሲስተሚክ ስክሌሮሲስ ታካሚ የጣቶች ደም ዝውውር ጉዳይ

እኔ ቁስል የማጥብና የማሽግ ነርስ ነኝ። ይህ የአንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ታሪክ ነው። 43 ዓመቷ ነው። ስሟንና የምትኖርበትን ቦታ አልጽፍም፤ ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ራሷ ፈቅዳለች። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ «አንቺ» እየተባባልን ነው የቆየነው።

የምጽፈው ለሰባት ሳምንታት የጣቷን ቁስል እያየሁ፣ ወደ ጣቷ ደም እንደማይደርስ ግን ስላላየሁ ነው። በኋላም እግሯን ማየት ረሳሁ። ሁለቱም ዋጋ አስከፍለዋታል።

ዳራ

ነገሩ የጀመራት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ብርድ ሲነካት የጣቶቿ ጫፍ እንደ ወረቀት ይነጣል። ቆይቶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሲሞቃት ደግሞ ይቀላል፣ ይጠዘጥዛታል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከአውራ ጣቷ በቀር ሁሉም ይነጡ ጀመር።

አንዱ ጋ ሄዳ «ደም ማነስ ነው» ተባለች፤ የብረት ኪኒን ዋጠች። ሌላ ቦታ «ጭንቀት ነው» ተባለች። ጭንቀት እውነትም ጣት ያነጣል፤ ግን ብቻውን ጣት አያቆስልም።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ያብጡ ጀመር። የጋብቻ ቀለበቷ አልገባ አላት። እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ ቆዳዋ ተወጠረ፤ የጣቷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ማንሳት አልተቻለም። ቃር ያስቸግራታል። የቆየ ማይግሬንም አለባት። ለእሱ ፕሮፕራኖሎል ታዞላት ሁለት ዓመት ወስዳለች።

ልብ በሉ፤ ለቃሩ አንድ ሐኪም፣ ለራስ ምታቱ ሌላ ሐኪም፣ ለጣቷ ደግሞ ፋርማሲ ነው የሄደችው። ሁሉንም በአንድ ቁጭታ የሰማት ሰው አልነበረም።

ችግሩ

ወደ እኔ የመጣችው የቀኝ እጇ ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ ቆስሎ ነው። መርፌ ወግቷት እንደጀመረ ነገረችኝ። ቁስሉ ከክብሪት ራስ አይበልጥም። ሕመሙ ግን ከመጠኑ ጋር አይገናኝም ነበር። ሌሊት ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ ክንዷን ከአልጋው ወደ ታች ስታንጠለጥል ትንሽ ይለቃታል።

እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። ክንድ ወደ ታች ሲንጠለጠል ደም በስበት ወደ ጣት ይወርዳል። በዚህ የሚታገስ ሕመም የደም እጥረት ሕመም ነው።

አልነቃሁም። ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ወሰደች። መግል አልነበረም፣ ትኩሳት አልነበራትም፣ ራጅም ተነስታ አጥንቷ ደህና ነበር። እኔ ደግሞ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጠብኩት። የደረቀውን ቅርፊት ፈቀፈቅሁት። እንዳይወልቅባት ብዬ ፋሻውን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ደም ባጠረው ጣት ላይ የጠበቀ ፋሻ! ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

በሰባተኛው ሳምንት ክፍሉ በኤር ኮንዲሽነር ቀዝቅዞ ነበር። ፋሻውን ፈትቼ ዕቃ ሳዘጋጅ፣ ከቁስሉ አጠገብ ያለው መካከለኛ ጣቷ ዓይኔ እያየ ነጣ። እስከ መካከለኛው አንጓ ድረስ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ይመስል ድንበር ሠርቶ።

«ይሄ ሁልጊዜ ያደርግሻል?» አልኳት።

«ኧረ ሲስተር፣ ይሄ'ኮ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ቁስሉ ነዋ የጠየቅሽኝ።»

ጣቱ ደም የሚያጣው ለምንድን ነው?

ይህ የጣት መንጣት ሬይኖ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ነገሩ ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከሞሪስ ሬይኖ ነው። ብዙ ሰው ሬይኖ ኖሮበት ምንም ሌላ በሽታ የለበትም። በእነዚህ ሰዎች የደም ስሩ ጤነኛ ነው፤ ለብርድ ሲል ከልኩ በላይ ይጨመደዳል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፣ ሁለቱንም እጅ እኩል ይይዛል፣ አያቆስልም።

በሲስተሚክ ስክሌሮሲስ ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ያጠቃል። ቆዳና የውስጥ አካላት ይጠጥራሉ፣ ትንንሽ የደም ስሮች ይጎዳሉ። የስሩ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይጠባል። አስቀድሞ የጠበበው ስር በብርድ ሲጨመደድ ጭራሽ ይዘጋል። ብርዱ ካለፈም በኋላ በደንብ አይከፈትም። የጣት ጫፍ ደግሞ የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ደም ሲያጥር መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው።

ከበሽታው ታካሚዎች ከ90 በመቶ በላይ ሬይኖ አለባቸው። ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው፤ ሌላው ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ የጣት ቁስል ያገኛቸዋል። ስለዚህ የእሷ ስድስት ዓመት በበሽታው ያልተለመደ አልነበረም።

ምርመራው

በዚያው ቀን ለውስጥ ደዌ ሐኪም ጻፍኩላት። እሱ ወደ ሩማቶሎጂ ሐኪም (የመገጣጠሚያና እንዲህ ያሉ የሰውነት መከላከያ በሽታዎች ሐኪም) መራት።

ሐኪሟ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነበር። ጥፍሯ ከቆዳው በሚገናኝበት ቦታ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጋ፣ የቆዳ ሐኪሞች በሚይዙት ደርማቶስኮፕ አየች። እኔንም አሳየችኝ። በጤነኛ ሰው እዚያ ያሉት ቀጫጭን ስሮች እኩል እንደተሰደሩ የፀጉር ሽቦዎች ይታያሉ። የእሷ አንዳንዱ ተነፍቷል፣ አንዳንዱ ጋ የደም ነጠብጣብ አለ፣ አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ ባዶ ነው። ባዶውን ሳይ የሰባቱ ሳምንት ነገር ገባኝ።

በደም ምርመራ ኤኤንኤ (የራስን ሴሎች የሚያጠቁ አንቲቦዲዎችን የሚፈልግ ምርመራ) ፖዘቲቭ ሆነ፣ በዚህ በሽታ የሚታየው አንቲሴንትሮሜር የሚባለው አንቲቦዲም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መመዘኛ 9 ነጥብና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ሲስተሚክ ስክሌሮሲስ አለበት ተብሎ ይመደባል። ለጣቶቿ ቆዳ መጠጠር 4፣ ለጣት ጫፍ ጠባሳዋ 3፣ ለጥፍር ስሮቿ 2፣ ለሬይኖ 3፣ ለአንቲቦዲው 3 ተሰጣት፤ በድምሩ 15። ቆዳው የጠጠረው ጣቶቿ ላይ ብቻ በመሆኑ በሽታው ውስን የሚባለው ዓይነት ነው። የልብ አልትራሳውንድና የሳንባ ምርመራም ተደረገላት፤ ሁለቱም ለጊዜው ደህና ናቸው። በየዓመቱ ይደገማሉ፤ ይህ በሽታ የሳንባን የደም ስሮችም ስለሚያጠብ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሐኪሟ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ቤት ያለውን የመድኃኒት ከረጢት በሙሉ ይዛ እንድትመጣ አደረገች። ብዙ ነገር የወጣው ከዚያ ከረጢት ነው።

ፕሮፕራኖሎሉ ወጣ። የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ሬይኖን ሊያባብሱ ይችላሉ። በአንዴ ማቆም አደገኛ ስለሆነ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቆመ፣ ለማይግሬኑ ሌላ ተሰጣት። አፍንጫዋ ሲታፈን የምትወስደው የጉንፋን ኪኒንም ወጣ፤ ውስጡ ፕሱዶኤፌድሪን አለበት፣ እሱም የደም ስር ያጠብባል። በመጨረሻ አንድ ቦታ ለጣቷ የታዘዘላት የናይትሮግሊሰሪን ቅባት ተገኘ። የቅባቱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ሙቀት። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው እጅን ብቻ በማሞቅ ነው። ደረቷና አንገቷ ሲበርዳቸው፣ ጓንት ብታደርግም ጣቶቿ ይነጣሉ። ሰውነት የመሐሉን ሙቀት ለማዳን ሲል ከዳር ደም ይሰበስባልና። ስለዚህ መጀመሪያ መሐሉ ይልበስ አልናት፦ ከውስጥ ሙቅ ልብስ፣ አንገት ላይ ሻርፕ፣ ራስ ላይ ኮፍያ። ከፍሪጅ ዕቃ ስታወጣ ጓንት። እሷ ሲጋራ አታጨስም፤ ብታጨስ ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚቆመው እሱ ነበር።

ከመድኃኒት የደም ስርን የሚያላላው ኒፈዲፒን ተጀመረ፤ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት፣ በቀን 30 ሚሊግራም። ከአራት ሳምንት በኋላ 60 ሆነ። በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ይነጡ የነበሩት ጣቶች ወደ ሦስት ጊዜ ወረዱ። ግን ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ ቃሩም ባሰባት። ኒፈዲፒን ከጨጓራ በላይ ያለውን በርም ስለሚያላላ ነው። መጠኑ ወደ 30 ተመለሰ፤ ለቃሩ የአሲድ መቀነሻ ታዘዘላት፤ ሲልዴናፊል በቀን ሦስት ጊዜ 20 ሚሊግራም ተጨመረ።

እኔ ደግሞ የራሴን አሠራር ቀየርኩ። ፐርኦክሳይዱን ተውኩት። ለብ ባለ የጨው ውኃ ማጠብ ብቻ። ከማጠቤ በፊት ማደንዘዣ ጄል ቀብቼ እጠብቃለሁ፤ ሕመም ራሱ የደም ስርን ያጨመድዳልና። ቅርፊቱን አልነካም። ቁስሉ ሳይደርቅ እንዲቆይ የሚያደርግ፣ የማይጣበቅ መሸፈኛ አድርጌ ፋሻውን ላላ አድርጌ አስራለሁ። ከታሰረ በኋላ የጣቷን ሁኔታ እያየሁ አምስት ደቂቃ አስቀምጣታለሁ።

ሕክምናው በተጀመረ በ11ኛው ሳምንት ቁስሉ ዳነ። ጫፉ ላይ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ስርጉድ ጠባሳ ቀርቷል።

ሁለት ሳምንት ያልተዋጠው ኪኒን

ሲልዴናፊሉ ከተጨመረ በኋላ ምንም ለውጥ አልታየም ነበር። መጠኑ ይጨመር እየተባለ ሳለ፣ ፋሻ እየቀየርኩላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ፋርማሲ ውስጥ ሰው እየሰማ «ለባልሽ ነው?» ተብላለች። አፍራ ከረጢት ውስጥ ጣለችው። አንድም አልዋጠችም።

ይህ መድኃኒት በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ለወንዶች ስንፈተ ወሲብ ነው። ሥራው ግን የደም ስር ማላላት ነው፤ የጣትንም የሳንባንም። ይህን ቀድመን ብንነግራት ኖሮ ፋርማሲ ውስጥ የምትመልሰው ታገኝ ነበር። እኔም ሐኪሟም አልነገርናትም። አሁን ለማንም ታካሚ ሲታዘዝ ቁጭ ብዬ የማስረዳው መጀመሪያ ይህን ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ። ሲልዴናፊል ከናይትሬት መድኃኒቶች ጋር አብሮ አይወሰድም። የደም ግፊት በአንዴ ሊወድቅ ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። የናይትሮግሊሰሪን ቅባት ደግሞ ቅባት ቢሆንም ናይትሬት ነው። ያ ከረጢት ባይፈተሽ ኖሮ ጣቷን እየቀባች ኪኒኑን ትውጥ ነበር።

ካልሲው

ጠቋሚ ጣቷ ሲድን ሁላችንም ደስ አለን። ቀጠሮዋን ላራዝም ስል «ሌሊት ግን አሁንም አልተኛም» አለች። እጇ መስሎኝ ጠየቅኳት። «እጄስ ተሽሎኛል። ሲስተር፣ እግሬንም ላሳይሽ?»

ካልሲዋን ስታወልቅ የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ጫፍ ጠቁሯል። ሁለተኛው ጣት ላይ ደግሞ ቁስል አለ። ከአምስት ወር በላይ ስትመላለስ ካልሲዋን እንድታወልቅ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔን ጨምሮ።

ይበልጥ የከበደኝ የሚከተለው ነው። «እግርሽንም አሙቂ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊ» ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። እሷም ሰምታኝ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ያንኑ የድሮውን ጫፉ ሾጠጥ ያለ ጫማ ታደርግ ነበር። በዚያ ላይ ኒፈዲፒኑ እግሯን አሳብጦታል። በጠባብ ጫማ ውስጥ ያበጠ እግርና ሁለት ካልሲ ሲታሸጉ፣ አስቀድሞ ደም ያጠራት ትንሽ ጣት ተጨፈለቀች። ምክሩ ትክክል ነበር። ጫማውን ሳያዩ መምከር ግን ትክክል አልነበረም።

በማግስቱ ሆስፒታል ተኛች። መጀመሪያ የእግሯ ትልልቅ የደም ስሮች በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ) ታዩ። እነሱ ቢዘጉ ኖሮ ሕክምናው ሌላ ይሆን ነበር። ክፍት ነበሩ፤ ችግሩ ትንንሾቹ ላይ ነው።

የደም ስርን የሚከፍት ኢሎፕሮስት የሚባል መድኃኒት በደም ስር ተሰጣት፤ በቀን ስድስት ሰዓት፣ ለአምስት ቀን። በእያንዳንዱ ኪሎ በደቂቃ ከ0.5 ናኖግራም ተነስቶ የሚቻላትን ያህል እስከ 2 ድረስ ከፍ የሚደረግ መድኃኒት ነው። ፊቷ ቀላ፣ ራሷን አመማት፣ አቅለሸለሻት፣ መንጋጋዋን ያዛት። 1.5 ላይ ስትደርስ አልቻለችም፤ ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ቀጠለ። የደም ግፊቷ በየጊዜው ይለካ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች።

የጠቆረውን ጫፍ በተመለከተ የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ይቆረጥ አለ። ሐኪሟ እንጠብቅ አለች። ጠርተው አወያዩዋት። ጫፉ ደረቅ ነበር፤ መግል የለ፣ ሽታ የለ፣ ዙሪያው አልቀላ። እንዲህ ሲሆን መጠበቅ ያዋጣል፤ ሰውነት የሞተውን ከሕያው ራሱ ይለያል። እርጥብና የተበከለ ቢሆን ኖሮ አይጠበቅም ነበር። አሥር ሳምንት ግድም ፈጀ። ጠቁሮ የነበረው በራሱ ወደቀ፤ ከሥሩ ጤነኛ ቆዳ ነበር። ያጣችው ሊቆረጥ ከታሰበው በጣም ያነሰ ነው።

ያልሠሩ ነገሮች

አንቲባዮቲኮቹ ምንም አልሠሩም፤ ያልተመረዘ ቁስል ነበርና። የብረት ኪኒኑም እንዲሁ። ሙቅ ውኃ ውስጥ እጅ መንከር ጎድቷታል፦ ስትነክር ይጠዘጥዛታል፣ ውኃው ስለሚያቃጥል አንዴ ቆዳዋ ተልጧል። ለብ ያለ ውኃ፣ ወይም እጅን ብብት ሥር ማድረግ ይሻላል።

ቦሴንታን የሚባል መድኃኒትም ተነስቶ ነበር። አዲስ ቁስል እንዳይወጣ ይከላከላል እንጂ ያለውን ቶሎ አያድንም። ጉበትን በየወሩ መመርመር ይጠይቃል፣ ለእርግዝናም አደገኛ ነው። ቁስሎቹ ቢደጋገሙ ይታያል ተብሎ ቆይቷል።

ለሌላ ታካሚ የሚጠቅመው

የጣት ጫፍ ቁስል በሁለት ሳምንት የመዳን አዝማሚያ ካላሳየ አሁን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ጣትሽ በብርድ ይነጣል? ከስንት ዓመትሽ ጀምሮ? ጠዋት ያብጣል? ሬይኖ ከ30 ዓመት በኋላ ከጀመረ፣ አንዱን እጅ ከሌላው ይልቅ ከያዘ፣ ወይም ካቆሰለ፣ የጥፍር ስሮቹ ይታዩ፣ ኤኤንኤም ይሠራ እላለሁ። መሣሪያው ብዙ ቦታ አለ፤ የሚጎድለው ጠያቂ ነው።

የመድኃኒት ከረጢት ይፈተሽ። ለሌላ ሕመም የታዘዘ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ፣ የተቀባ፣ ሁሉም።

እግር ይታይ። ካልሲ ተወልቆ፣ በጣቶቹ መካከል ጭምር። ጫማውም ይታይ፦ ጣቶች ውስጡ ሊንቀሳቀሱ ይገባል። ወፍራም ካልሲ የሚመከር ከሆነ ሰፊ ጫማም አብሮ ይመከር።

ታካሚዎችና ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ያዙልኝ። የነጣ ወይም የጠቆረ ጣት በሙቀት ካልተመለሰና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ያ ተራ ሬይኖ አይደለም። ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ቤት ሂዱ። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ሲኖርም እንዲሁ በዚያው ቀን። ቤት ውስጥ የደም ግፊት መለካትም ይልመድባችሁ፤ በዚህ በሽታ በድንገት ከፍ ያለ ግፊት ኩላሊት መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል።

አሁን ያለችበት

ከኢሎፕሮስቱ ወዲህ ዓመት ሊሞላት ነው። ጣቶቿ አሁንም ይነጣሉ፤ በቀን አንዴ ሁለቴ። በብርዱ ወቅት አንድ ትንሽ ቁስል የግራ አውራ ጣቷ ላይ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ቀን መጥታ አሳየችኝ፤ በአራት ሳምንት ዳነ። እየሰፋች ነው። ሁለት ጣቷ ላይ ቲምብል ታደርጋለች፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ጨርቅ ለረዳቷ ትሰጣለች። ጫማዋን በአንድ ቁጥር የሚበልጥና ጫፉ ሰፊ አድርጋለች።

ባለፈው ቀጠሮ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ዕቃ ላመጣ ዞር አልኩ። ስመለስ ካልሲዎቿን አውልቃ፣ አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከትታ ጠበቀችኝ።